የጃፓን ኑድልስ ከምን ከምን ይሠራል?

በዚህ እትም የትምህርት አምዳችን ወደ ጃፓን ወጥ ቤት ይወስዳችኋል። ኑድልስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሱቅ የሚሸጠው ኢንዶሚ ነው። ኢንዶሚ ግን የኢንዶኔዥያ እንጂ የጃፓን አይደለም። ጃፓኖች በፓኬት የሚታሸገው ኑድልስ ከመፈልሰፉ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲበሏቸው የኖሩ ሌሎች ዓይነቶች አሏቸው። ሲታዩ ሁሉም እንደ ፓስታ ረዣዥም ክር ናቸው። ልዩነታቸው ዱቄቱ ላይና ሊጡ ውስጥ በሚገባው ነገር ላይ ነው። ይሄን ልዩነት አለማወቅ ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ሶባ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

ከቀላሉ እንጀምር። ኡዶን የሚባለው ነጩና ወፍራሙ ኑድልስ ነው። የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ ብቻ ነው። እቤት ዳቦ እንደሚጋገርበት ፉርኖ ዱቄት ማለት ነው፣ እርሾ ግን የለውም። ውሃው ትንሽ ስለሆነ (ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም) ሊጡ በጣም ይጠነክራል፤ በእጅ ማሸት ያደክማል። ታዲያ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ሊጡን በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለው በእግራቸው ይረግጡታል! ልክ እኛ ጋ ለቤት ምርጊት ጭቃ በእግር እንደሚረገጠው። ከዚያ ያሳርፉትና በመዳመጫ ዘርግተው፣ አጣጥፈው፣ በቢላ ይቆርጡታል።

ለምንድነው ይሄ ሁሉ መርገጥ? የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ውሃ ሲያገኙና ሲታሹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ላስቲክ የሚሳብ መረብ ይሠራሉ። ይህ መረብ ግሉተን ይባላል። ጨው ደግሞ መረቡን ያጠብቀዋል። ለዚህ ነው ኡዶን ሲታኘክ ለስለስ ብሎ ግን የሚመለስ፣ ቶሎ የማይበጠስ የሚሆነው። ጃፓኖች ለዚህ ባሕርይ የራሱ ቃል አላቸው፣ «ኮሺ» ይሉታል።

ግሉተንን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ቤቱ መሞከር ይችላል። አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ አሽታችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ከዚያ በሰሃን ውሃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ እጠቡት። ስታርቹ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ እጃችሁ ላይ ማስቲካ የመሰለ ነገር ይተርፋል። እሱ ነው ግሉተን። በጤፍ ሊጥ ብትሞክሩት ግን እንዲህ ያለ ነገር አይተርፋችሁም፣ ጤፍ ግሉተን የለውማ።

በኡዶን የታወቀው ሺኮኩ ደሴት ላይ ያለው የካጋዋ ግዛት ነው። የድሮ ስሙ ሳኑኪ ስለሆነ «ሳኑኪ ኡዶን» ይባላል። ካጋዋ ዝናብ ያጥረዋል፣ ሩዝ ደግሞ ውሃ ይወዳል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ከጥንት ጀምሮ ብዙ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ሠርተዋል፣ ብዙ ውሃ የማይፈልገውን ስንዴም ያመርቱ ነበር። ጨው ከባሕሩ ዳር ይገኛል። ጂኦግራፊ መምህራችን ቢያነቡት ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፣ ምግቡ ከአየር ንብረቱ ወጣ ማለት እኮ ነው።

የኡዶንን ሊጥ ስታቀጥኑት ስሙ ይለወጣል። በጃፓን በማሽን የሚሠራ ደረቅ ኑድልስ በውፍረት ተለክቶ ነው ስም የሚሰጠው። 1.7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኡዶን፣ ከ1.3 እስከ 1.7 ከሆነ ሂያሙጊ፣ ከ1.3 በታች ከሆነ ሶመን ይባላል። አንድ ዓይነት ሊጥ በማስመሪያ ተለክቶ ሦስት ስም አገኘ! በእጅ የሚሠራው ሶመን ግን አይቆረጥም፤ ሊጡን ዘይት እየቀቡ ይስቡታል፣ ያሳርፉታል፣ ደግሞ ይስቡታል፣ እንደ ስፌት ክር እስኪቀጥን ድረስ። የሚበላው በበጋ ሙቀት ነው፣ ያውም በበረዶ ውሃ ቀዝቅዞ። አንዳንድ ቦታ ለሁለት የተሰነጠቀ ረጅም ቀርከሃ አጋድመው ቀዝቃዛ ውሃ ይለቁበትና ሶመኑን ከላይ ይሰዱታል። ተመጋቢዎቹ ዳር ዳሩን ቆመው እያለፈ ሳለ በቾፕስቲክ ይይዙታል፣ ያመለጠው ያመልጠዋል። «ናጋሺ ሶመን» ይባላል። ልጆች በጣም ይወዱታል፣ እኛም ብናገኘው የምንወደው ይመስለኛል።

አሁን ሶባ። ሶባ ቡናማ ወይም ግራጫ የሆነ ቀጭን ኑድልስ ነው። የሚሠራበት ተክል በእንግሊዝኛ በክዊት ይባላል። ስሙ ላይ «ዊት»፣ ማለትም ስንዴ፣ ቢኖርበትም ስንዴ አይደለም፣ ከስንዴ ጋር ዝምድናም የለውም። ቅጠሉ ልብ የመሰለ፣ ፍሬው ሦስት ማዕዘን ነው። የዕፅዋት ቤተሰቡ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእምቧጮና የመቅመቆ ቤተሰብ ነው! በብርዳማ ተራራና ለም ባልሆነ መሬት ላይ ይበቅላል፣ በሁለት ሦስት ወርም ይደርሳል። ለዚህ ነው እንደ ናጋኖ ያሉ ተራራማ ግዛቶች በሶባ የታወቁት።

በክዊት እንደ ጤፍ ግሉተን የለውም። ስለዚህ ከእሱ ዱቄት ብቻ ክር ማውጣት ከባድ ነው፣ ይበጣጠሳል። የተካኑ ባለሙያዎች ያለ ስንዴ ይሠሩታል። የተለመደው ግን 8 እጅ በክዊት ከ2 እጅ ስንዴ ጋር መቀላቀል ነው። ስሙም «ኒሃቺ» ነው፣ በጃፓንኛ ሁለት ስምንት ማለት።

ቀዝቃዛ ሶባ በቀርከሃ በተሠራ ትንሽ ሰፌድ ላይ ይቀርባል፣ ከአጠገቡ ማጥቀሻ አለ። ማጥቀሻው ከአኩሪ አተር ሶስና «ዳሺ» ከሚባል መረቅ ይሠራል። ዳሺ የሚሠራው ከደረቀ የባሕር ተክልና እንደ እንጨት እስኪጠነክር ከደረቀ አሳ ነው፣ አሳው በመላጊያ እየተላገ ውሃ ውስጥ ይገባል። (ሥጋ የማይበሉ የቡድሃ መነኮሳት ግን አሳውን ትተው በባሕር ተክሉና በደረቀ እንጉዳይ ይሠሩታል።) ሶባው ካለቀ በኋላ የተቀቀለበት ትኩስ ውሃ ይመጣል፤ ከተረፈው ማጥቀሻ ጋር ቀላቅለው ይጠጡታል። ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም ሲቀቀል ቫይታሚን ቢ1 ወደ ውሃው ይሟሟል፣ ሲጠጡት ያገኙታል። ፓስታ ስንቀቅል ውሃውን ሁልጊዜ እንደፋው የለ?

ጃፓኖች በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31 ማታ፣ ሶባ ይበላሉ። ረጅም ስለሆነ ረጅም ዕድሜ ይሁንልን ነው። ቶሎ ስለሚበጠስ ደግሞ ያለፈው ዓመት ክፉ ነገር ተበጥሶ ይቅር የሚሉም አሉ። አንዱ ለርዝመቱ አንዱ ለመበጠሱ፣ ሁለቱም ያስኬዳል።

መጀመሪያ ላይ አሰጊ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ነው። በክዊት ለብዙ ሰው ጤናማ ምግብ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ጥቂት እንኳ ከበላ ቆዳው ሊያብጥ፣ ጉሮሮው ሊዘጋና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ በጃፓን ሕግ የታሸገ ምግብ ውስጥ በክዊት ካለ እንደ ስንዴ፣ እንቁላል፣ ወተትና ኦቾሎኒ ማሸጊያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። «እኔ ኡዶን ነው ያዘዝኩት» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ኡዶንና ሶባን የሚቀቅሉት በአንድ ድስት ውሃ ነውና። በሌላ በኩል ስንዴ የማይስማማው ሰው «ሶባ ስንዴ አይደለም» ብሎ ቢበላ፣ ያቺ 2 እጅ ስንዴ ታሳምመዋለች።

ስሙ ራሱም ያሳስታል። «ያኪሶባ» የሚባለው በመጥበሻ የሚጠበስ ኑድልስ ከስንዴ ነው የሚሠራው፣ በክዊት የለበትም። በደቡብ ያለችው የኦኪናዋ ደሴት «ኦኪናዋ ሶባ»ም እንደዚያው። እንዲያውም በ1976 እ.ኤ.አ. የጃፓን የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በክዊት የሌለበትን ሶባ ብላችሁ አትጥሩት አላቸው። ኦኪናዋዎች ግን ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ስማችንን አንለቅም ብለው ተከራከሩ። ኦክቶበር 17 ቀን 1978 ስሙ ተፈቀደላቸው፣ ቀኑንም እስከ ዛሬ የኦኪናዋ ሶባ ቀን ብለው ያከብሩታል። በእኔ ሐሳብ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ስም የሕዝቡ ነው፣ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ አለበት።

ራመን ከቻይና የመጣ ነው። የቻይና ስደተኞች እንደ ዮኮሃማ ባሉ የወደብ ከተሞች ይሠሩት ነበር፤ በ1910 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር የተከፈተ አንድ ምግብ ቤት በጣም ታዋቂ አደረገው። ያኔ እሱንም «የቻይና ሶባ» ይሉት ነበር፣ አሁንም ያ ስም!

የራመን ዱቄት ስንዴ ነው። ታዲያ ከኡዶን በምን ይለያል? ውሃው ውስጥ «ካንሱይ» የሚባል ነገር ይገባል። ካንሱይ ሶዲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ካርቦኔት ነው፣ በሳይንስ ትምህርታችን ቤዝ የምንለው። ቤዙ ግሉተኑን ያጠነክረዋል፣ ስለዚህ ኑድልሱ ቀጭን ቢሆንም ቶሎ አይላሽቅም። ዱቄቱ ውስጥ ያለ ቀለም አልባ ንጥረ ነገርም ቤዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ልክ እንደ ሊትመስ ወረቀት። ብዙ ሰው የራመን ቢጫነት ከእንቁላል ይመስለዋል፣ ያለ እንቁላልም ቢጫ ነው። ሶዲየም ካርቦኔት እኛም አገር አለ፤ የአቢጃታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ማለት ይሄው ነው፣ ለመስታወትና ለሳሙና የሚያገለግለው። ለምግብ የሚሆነው ግን ተጣርቶ በልክ ስለሆነ ከሐይቁ ቀድቶ መሞከር አይቻልም!

የራመን መረቅ በየከተማው ይለያያል። በሰሜን ያለችው ብርዳማዋ ሳፖሮ ሚሶ በሚባል የአኩሪ አተር ብጥ ትሠራዋለች። በደቡብ ያለችው ፉኩኦካ ደግሞ የአሳማ አጥንት ለብዙ ሰዓት ቀቅላ ነጭ መረቅ ታወጣለች።

አሁን ወደ ፓኬቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ውስጥ ረሃብ ነበር። ታይዋን ውስጥ የተወለዱ ሞሞፉኩ አንዶ የሚባሉ ነጋዴ በኦሳካ ከተማ ሰዎች በብርድ አንድ ሳህን ራመን ለመብላት ረጅም ሰልፍ ይዘው ቆመው አዩ፤ ነገሩ ከአእምሯቸው አልወጣም። በ1957 እ.ኤ.አ. ከስረው ከቤታቸው በቀር ምንም አልተረፋቸውም። ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ ክፍል ሠርተው ለብቻቸው ይሞክሩ ጀመር። ችግሩ ኑድልሱን እንዳይበላሽ ማድረቅና ፈጥኖ እንዲለሰልስ ማድረግ ነበር። ባለቤታቸው በዘይት ምግብ ሲጠብሱ አይተው መልሱን አገኙት። በእንፋሎት የበሰለ ኑድልስ በጋለ ዘይት ሲጠበስ ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ይወጣል፣ ቦታው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። የፈላ ውሃ ሲፈስበት በእነዚያ ቀዳዳዎች ይገባና ይለሰልሳል። የእኛ ድርቆሽም ዘዴው ይቀራረባል፣ እኛ ግን የምናደርቀው በፀሐይ ነው።

ኦገስት 25 ቀን 1958 «ቺክን ራመን» ገበያ ወጣ። አንዶ ያኔ 48 ዓመታቸው ነበር። በ1971 ደግሞ በኩባያ የሚሸጠውን አወጡ። በ2005 ለጠፈር ተጓዦች የተሠራ ኑድልስ ዲስከቨሪ በምትባለው መንኮራኩር ወደ ጠፈር ሄደ፤ መረቁ እንዳይንሳፈፍ ወፈር ተደርጎ ነበር። እንግዲህ በእረፍት ሰዓት ፓኬቱን ሰባብራችሁ ደረቁን የምትበሉ ልጆች፣ ጥሬ እየበላችሁ አይደለም፣ ቀድሞ በስሏል። የቅመሟ ከረጢት ግን ጨው የበዛባት ስለሆነች ሙሉዋን መነስነስ አያስፈልግም።

ስለ አበላሉም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቤት ምግብ ሲበላ ድምፅ ማሰማት ያስቆጣል። ጃፓን ግን ራመንና ሶባ «ስርርር» እየተደረገ ሲሳብ ነውር አይደለም። አየር አብሮ ስለሚገባ ትኩሱ ይበርዳል፣ ሽታውም ወደ አፍንጫ ይወጣል።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ አንድ የጃፓን ፋብሪካ ከስንዴ ዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ኑድልስ በማሽን ሠራ። ስሙ ማን ይባላል? ሊጡ ውስጥ ካንሱይ ቢጨምርበትስ ቀለሙ ምን ይሆናል? መልሱን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ አስገቡ።