በሰውነት ማጐልመሻ ትምህርት ስለ ሰዓትና ስለ ስልክ አጠቃቀም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መንገደኛው ግን በዚህ አጭር ጕዞ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ይወርዳል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ አጠገብ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ልዩነት ለነጋዴ የጋቢና የነጠላ ጉዳይ ነው። ለሰውነት ማጐልመሻ መምህር ግን ከዚህ ይበልጣል፤ በሁለቱ ከተሞች ልጆች የሚተነፍሱት አየር እኩል አይደለምና። በባሕር ዳርቻ ያለው የአየር ግፊት 100 ነው ቢባል፥ የኮምቦልቻው ወደ 80፥ የደሴው ወደ 74 ይሆናል።

ይህን ማንሣት ያስፈለገው ዛሬ ብዙ መምህራን በኪሳቸው ስልክ ስላላቸው ነው። በስልኩ ውስጥ ሴኮንድን የሚከፋፍል የሩጫ ሰዓትና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሻ አለ። ቀድሞ መምህሩ ማን እንደ ቀደመ በዓይኑ ብቻ ያይ ነበር፤ አሁን በስንት ሴኮንድ እንደ ቀደመ ያውቃል። ዳሩ ግን ቍጥር በእጅ ሲገባ ልጆችን በተርታ ጽፎ በግድግዳ የመለጠፍ ፈተና ይመጣል። በመጨረሻ የተጻፈው ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሜዳ ለመውጣት ያፍራል። ትምህርቱ ይልቁንም የሚያስፈልገው ለዚያ ልጅ ነበር።

ቍጥር ብቻውን እውነቱን ሁሉ እንደማይናገር በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ገልጦ አሳይቷል። ያች ከተማ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ይኸውም ከደሴ ጥቂት ያነሰ ነው። በ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፥ ኢትዮጵያዊው ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ሆኑ። የአሸናፊው ሰዓት 29 ደቂቃ ከ27 ሴኮንድ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ፥ በባሕር ዳርቻ ባለች ከተማ፥ የዚሁ ሩጫ አሸናፊ በ28 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ገብቶ ነበር። እንግዲህ የሜክሲኮዎቹ ሯጮች ከአንድ ደቂቃ በላይ መዘግየታቸው ስለ ደከሙ ነውን? አይደለም፤ ማሞ ወልዴ በዚያው ሰሞን፥ በዚያው ከተማ፥ የማራቶንን ወርቅ ወስዷል። ያዘገያቸው የአየሩ ስስነት ነው። ባጭር ርቀት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ስስ አየር ሯጭን የሚገፋበት ኀይል ስለሚያንስ፥ አሜሪካዊው ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሴኮንድ ጨረሰ።

ስለዚህ በደሴ 1,500 ሜትር የሮጠ ልጅ ሰዓት በኮምቦልቻ ከሮጠው ልጅ ሰዓት ጋር ተነጻጽሮ፥ «ይህ ጐበዝ ነው፥ ያ ሰነፍ ነው» ሊባል አይገባም። ኮምቦልቻም በበኩሏ ሙቀት አላት፤ በቀትር የተያዘ ሰዓት ከማለዳው ጋር አይተካከልም። በወሎ የክርስቲያንና የእስላም ልጆች ባንድ ወንበር ስለሚቀመጡ፥ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወራት የሚጾም ልጅን ለሰዓት ብሎ ማስሮጥ ከቶ የማይገባ ነው፤ በእነዚያ ወራት ቀላል እንቅስቃሴ ይበቃል። ትክክለኛው መዝገብ ልጁን ከራሱ ጋር የሚያስተያይ ነው። አንዲት ተማሪ በመስከረም 400 ሜትርን በ110 ሴኮንድ ሮጣ በጥር በ102 ብትሮጥ፥ ምንም እንኳ ከክፍሏ የመጨረሻዋ ብትሆን፥ ከፍ ያለ ነጥብ ይገባታል። መምህሩ ከሰዓቱ አጠገብ ቀኑን፥ ቦታውንና ጧት ወይም ከሰዓት በኋላ መሆኑን ይጻፍ።

ሰዓት አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። አስነሺው በመነሻው ቆሞ ቢያጨበጭብ፥ በ100 ሜትር ርቀት በመድረሻው የቆመው መምህር ጭብጨባውን የሚሰማው ከሦስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ያህል በኋላ ነው። ስለዚህ አስነሺው ነጭ ነጠላ ከፍ አድርጎ ይያዝና በድንገት ያውርደው፤ ልጆቹም መምህሩም ነጠላውን አይተው ይጀምሩ። እንዲህም ሆኖ የሰው እጅ ይዘገያል፤ በእጅ በተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ላይ 0.24 ሴኮንድ መጨመር የተለመደው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በሁለት ልጆች መካከል የታየ የአንድ ዐሥረኛ ልዩነት ለጠብ የሚያበቃ አይደለም።

ከሩጫው ሰዓት ይልቅ የሚጠቅም ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም የልብ ትርታ መቍጠር ነው። ልጁ ሁለት ጣቶቹን በአንገቱ ጐን አኑሮ መምህሩ ሰዓቱን እያየ 15 ሴኮንድ ያስቈጥረዋል፤ የተገኘው በ4 ሲባዛ የአንድ ደቂቃው ይሆናል። ሩጫው እንዳበቃ አንድ ጊዜ፥ ከ3 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይቈጠር። ከወር ወደ ወር ልቡ ቶሎ ወደ ዕረፍቱ የሚመለስ ከሆነ ሰውነቱ እየበረታ ነው። የሒሳብ መምህሩም በዚህ ማባዛት ቅር አይለውም።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚጠቅመው ለዝላይና ለውርወራ ነው። ልጁ ሲዘል ተነሥቶ፥ ሥዕሉ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ተደርጎ ቢታይ፥ እግሩን የት እንደ ተከለ፥ እጁን መቼ እንደ ወነጨፈ ራሱ ያየዋል። ነገር ግን በዚህ ላይ የአገር ሽማግሎች የሚያነሡት ስጋት ትክክል ነው። ስልኩ የመምህሩ የግል ዕቃ ነው፤ ሥዕሉም ከዚያ ወጥቶ ወዴት እንደሚደርስ አይታወቅም። ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው በስብሰባ ይጠየቁ፤ ያልፈቀዱ ወላጆች ልጅ፥ ወይም ራሷ ያልወደደች ልጃገረድ፥ አትነሣ። የተነሣውም ለልጁ ከታየ በኋላ በዚያው ቀን ይጥፋ። ከአንድ ልጅ ዝላይም በላይ ጊዜ አይወሰድ፤ አርባ ልጆች ቆመው አንድ ስልክ የሚመለከቱበት ሰዓት የሰውነት ማጐልመሻ ሰዓት አይባልም።

ስልክ ወይም መብራት የሌለበት ትምህርት ቤት ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፥ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጐድተዋል፥ ዕቃቸውም ጠፍቷል። ለእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ድንጋይና ሲባጎ ይበቃዋል። ሲባጎው ከማይነቃነቅ ወራጅ ላይ ይታሰር፤ ከመታሰሪያው እስከ ድንጋዩ መካከል ያለው ርዝመት 99 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ድንጋዩ በቀስታ ሲለቀቅ ካንዱ ጐን ወደ ሌላው ጐን ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ነው። ድንጋዩ ቢከብድም ቢቀልም ጊዜው አይለወጥም፤ የጣልያኑ ሊቅ ጋሊሌኦ ይህን ያስተዋለው የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ውዝዋዜው ግን ወደ አንድ ወገን ከስንዝር እንዳይበልጥ ያስፈልጋል።

ለማረም አንድ ጊዜ ትክክለኛ ሰዓት ከሰው ተውሶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚደረገውን ምልልስ መቍጠር ነው። ከ60 ካነሰ ሲባጎው ረዝሟልና ይጠር፤ ከበለጠ ይርዘም። ርዝመቱ ወደ ሩቡ፥ ማለት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያጥር ግማሽ ሴኮንድ ይቈጥራል። ከፍ ካለው ክፍል አንድ ተማሪ ድንጋዩን እያየ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቍጠር፥ ሌላው ልጆቹ መድረሻውን ሲያልፉ የተጠራውን ቍጥር ይጻፍ። በ60 ወይም በ100 ሜትር ይህ አይበቃም፤ ከ400 ሜትር ጀምሮ ላለው ሩጫና የልብ ትርታ ለመቍጠር ግን በቂ ነው።