ልጆችን ይዞ ወደ አያቶች ቤት ስለ መሄድ

በከተማ የምንኖር አማኞች ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው አንድ ግዴታ አለ፤ እርሱም ልጆቻችንን ወደ አያቶቻቸው መውሰድ ነው። የምንዘነጋበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንዱ የሥራ ብዛትና የገንዘብ ማነስ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም፤ የተቻለው በየዓመቱ፥ ያልተቻለው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይሂድ። ሁለተኛው ግን ሃይማኖትን ልብስ አድርጎ ለብሶ ይመጣልና ይልቁንም ያስፈራል። ወንጌልን ተቀብለን ከወላጆቻችን ሥርዓት ከተለየን በኋላ፥ «በዚያ ቤት ያለው ጾምና ዝክር ልጆቼን ያደናግርብኛል» ብለን የምንቀር አለን።

እንዲህ የሚል ሰው አስቀድሞ የላባን ነገር ይመልከት። ላባ በቤቱ ጣዖት የነበረው ሰው ነው፤ ያዕቆብንም በደመወዙ ብዙ ጊዜ አታልሎታል። ነገር ግን ያዕቆብ ሚስቶቹንና ልጆቹን ይዞ በስውር በሄደ ጊዜ፥ ላባ የሰባት ቀን መንገድ ተከትሎ ደረሰበትና ካቀረባቸው ክሶች አንዱ፥ የልጅ ልጆቹን ስሞ እንዳይሰናበት መከልከሉ ነበረ (ዘፍ. 31)። ያዕቆብ ስለ መንጋውና ስለ ደመወዙ ብዙ መልስ ሰጥቶአል፤ በስውር ስለ መሄዱ ግን የሰጠው መልስ «ፈርቼ ነበር» ከማለት አያልፍም። የብዙዎቻችንም መልስ፥ በመልካም ቃል ብንሸፍነው እንኳ፥ ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም።

ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ የገሠጻቸው ሰዎች፥ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ረድኤት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቍርባን ነው እያሉ ወላጆቻቸውን ባዶ እጃቸውን ይተዉ ነበር። እኛ ገንዘብ አንከለክል ይሆናል፤ በየወሩም እንልክ ይሆናል። ነገር ግን ሰባ ዓመት የሞላት እናት ከገንዘቡ ይልቅ የልጅ ልጇን ራስ በእጇ መዳሰስ ትወዳለች። ይህንንም ስለ እምነቴ ነው ብለን ብንነፍጋት ያው ቍርባን አይደለምን? ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት (5፥4) ለወላጆች ብድራትን ስለ መመለስ ሲያስተምር፥ ልጆችን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆችንም ጨምሮ ጠርቷል። እንግዲህ ሕፃናቱም በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ወላጅ ካልወሰዳቸው ግን ድርሻቸውን ሊፈጽሙ አይችሉም።

አገሩ በጎጃም የሆነ አንድ የማውቀው ወንድም ስድስት ዓመት ወደ እናቱ ሳይሄድ ቈየ። እናቱ ልጆቹን የሚያውቋቸው በፎቶግራፍ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሦስቱን ልጆች ይዞ በደረሰ ጊዜ፥ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል እንኳ አልጠየቁትም፤ የጠየቁት «የእኔን ስም ያውቁታልን?» ብለው ነው። ታላቁ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነበረ፤ ዝም ብሎ ወደ አባቱ ተመለከተ፤ አያቱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ማንም አላስተማረውም ነበርና።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመንገዱ በፊት በቤት ይጀመር። ልጆች የአያቶቻቸውን ስም፥ የአገሩን ስም፥ የአጎቶቻቸውንና የአክስቶቻቸውን ስም ይወቁ። ጐንበስ ብለው ጉልበት መሳምን፥ በሁለት እጅ መቀበልን፥ ሽማግሌ ሲገባ መነሣትን ይልመዱ። ጢስ የበዛበትን ቤትና የአፈር መደብን አይተው አፍንጫቸውን እንዳይዙም ይነገራቸው። የከተማ ልጅ ይህን ሳያውቅ ያደርገዋል፤ ያየው አያት ግን አይረሳውም።

መንገዱም በሕፃን ልክ ይሁን። ያዕቆብ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ወንድሙ አብረን እንሂድ ቢለው፥ ልጆቹ ለጋ እንደ ሆኑ አመልክቶ በእነርሱ እርምጃ ቀስ እያለ መከተልን መረጠ (ዘፍ. 33፥13-14)። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ቀላል ይለዋል። ከጎሐ ጽዮን በኋላ ግን መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከድልድዩም ወዲያ እንደዚያው ወደ ደጀን ይወጣል፤ በዚህ ስፍራ የሚያስመልሰው ሕፃን ብዙ ነው። እንግዲህ በማለዳ ቅባት የበዛበትን ምግብ አታብሉ፤ ውኃና ፎጣ በእጃችሁ ይኑር፤ ያስመለሰውንም ልጅ አትቈጡት። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሣት በፊት ጠይቁ። የአያቶች ቤት ከ2000 ሜትር በታች ባለ ቆላ ከሆነ ወባ አለና አጎበር ያዙ። በመናኸሪያም እያንዳንዱ ልጅ በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ፤ ማርያምና ዮሴፍ እንኳ የ12 ዓመቱን ብላቴና ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደዋል (ሉቃ. 2፥41-44)። ወንዙን ስትሻገሩ፥ አባቶቻችን ዓባይን በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው ግዮን ነው እንደሚሉ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ተኝቶ የነበረውም ይነሣል።

በደረሳችሁ ጊዜ ሙሴን አስቡ። አማቱ ዮቶር የምድያም ካህን ነበረ። ሲፓራንና ሁለቱን ልጆች ጌርሳምንና አልዓዛርን ይዞ ወደ ምድረ በዳ በመጣ ጊዜ፥ ያ ታላቅ ነቢይ ሊቀበለው ከሰፈሩ ወጣ፤ ከፊቱም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፥ ሳመው፥ ደኅንነቱን ጠየቀ፥ ወደ ድንኳኑም አስገባው። እግዚአብሔር ያደረገውን ሁሉ የተረከለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው (ዘፀ. 18፥1-8)። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ከእኛ አንዳንዶች ገና ውኃ ሳንጠጣ በደጃፍ ቆመን ክርክር እንጀምራለን፤ ዓመት ሙሉ የናፈቀን ሽማግሌ በጥቅስ እንቀበለዋለን። በባላገር ቤት ማታ የታላላቆችን እግር ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ከከተማ የመጣው ልጅ፥ ደመወዙ ምንም ቢበዛ፥ በመጀመሪያው ማታ ውኃውን አሙቆ የአባቱን እግር ይጠብ፤ ሕፃናቱም ማሰሮውን ይያዙለት። ጌታችን ይህን ሥራ ለደቀ መዛሙርቱ ሠርቷልና ማንም አያፍርበት።

አያትየው ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ይስማ። እርሱ በከተማ 23ኛ ብሎ የተማረው የእረኛው መዝሙር በግዕዙ ዳዊት 22ኛ ሆኖ ይቈጠራል፤ ይህን የማያውቅ ልጅ «አባባ ተሳሳቱ» ይላልና አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ብዙዎች ወደሚሰናከሉበት ነገር እንምጣ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነውና ብዙ ቤተ ሰብ የሚሄደው በነሐሴ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። አያት ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቍላል ትታ በምትጾምበት ቤት፥ ለልጆቼ ዶሮ ይታረድ ማለት ነፃነት አይደለም፤ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ በመብል ምክንያት ወንድምን ስለ ማሳዘን የጻፈውን መርሳት ነው። ጡት ለጣለ ሕፃን ወተቱን ፈልጉለት፤ አያቲቱም ራስዋ ቀድማ ታስባለች እንጂ አትከለክልም። ለታላላቆቹ ግን ሽሮና ምስር ይበቃቸዋል፤ ሽሮ በልቶ የታመመ ልጅ እስከ አሁን አላየሁም። ነሐሴ 13 ቀን፥ በቡሄ፥ ለልጆች ሙልሙል ብትጋግር ይቀበሉ። በዓሉ የጌታችን መልክ በተራራ ላይ የተለወጠበት መታሰቢያ ነው፤ ይህም በወንጌል የተጻፈ ነው፤ ማታ ያን ምዕራፍ ገልጣችሁ ለቤቱ ሁሉ ብታነቡ ማን ይቃወማል?

ይሁን እንጂ እሺ የማይባልበት ነገር አለ። አያት ለቡዳ መከላከያ ብላ በሕፃኑ አንገት ክታብ ልታስር ብትወድ ወላጅ አይፍቀድ። ነገር ግን በጎረቤት ፊት በጥሶ አይጣለው፤ ሕፃኑንም ለክርክር መካከለኛ አያድርገው። ለብቻዋ ሲያገኛት እጅዋን ይዞ «እማዬ፥ ይህ ልጅ በጌታ እጅ ነው፤ ይልቅስ እጅሽን ጭነሽ መርቂልኝ» ይበላት። ያዕቆብ በኤፍሬምና በምናሴ ራስ ላይ እጁን የጫነውን የሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ክታቡን ያሰበችው በፍቅር ነውና፥ ለፍቅርዋ ሌላ መንገድ ሳታሳዩ አትከልክሉአት።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ አትጣደፉ። አውቶቡሱ በ12 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ተነሡ፥ ምርቃቱ በደጅ ላይ እንዳይቈረጥ። ዳቦም ቢሆን ቆሎም ቢሆን የሰጡአችሁን ስንቅ «በከተማ ሞልቷል» ብላችሁ አትመልሱ፤ ቢከብድም ተሸከሙት፥ ልጆቹም በመንገድ ይብሉት። ቤት በገባችሁበትም ማታ፥ ድካም ቢሆንም፥ ስልክ ካላቸው ደውላችሁ የሕፃናቱን ድምፅ አሰሙአቸው። ስልክ ከሌላቸው መጻፍ የሚችለው ልጅ በገዛ እጁ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ ማን እንደሚያነብላቸውም ከመለያየት በፊት ጠይቃችሁ እወቁ።