ቀዝቃዛው ወንዝና ሳልሞን፦ የማስገር ወቅት ሲከፈት ውሃው ምን ይነግረናል?

በስኮትላንድ የቴይ ወንዝ ለሳልሞን አስጋሪዎች የሚከፈተው ጃንዋሪ 15 ቀን ሲሆን፣ የዲ ወንዝ ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ነው። ሁለቱም ቀኖች በእኛ አቆጣጠር በጥር ወር ውስጥ ይውላሉ። በዚያ አገር ግን ጊዜው የብርድ ወቅት እምብርት ነው፤ የወንዙን ዳር አመዳይ ይሸፍነዋል፣ ዲ በሚመነጭበት በኬርንጎርም ተራሮች አናት ላይም በረዶ ይከመራል። ዘንጉን ይዞ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ የሚቆም አስጋሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዓሣው የት አለ? በዚህ ጽሑፍ የጥያቄው መልስ በአብዛኛው ከአንድ ተራ መሣሪያ፣ ከቴርሞሜትር፣ እንዴት እንደሚገኝ እንመለከታለን።

የማይመገበው መንገደኛ

የአትላንቲክ ሳልሞን የሚፈለፈለው በወንዝ ጠጠር ውስጥ ነው። ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በዚያም አንድ ወይም ከዚያ በላይ የብርድ ወቅቶችን አሳልፎ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ከኬንያ መጥተው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባሌ ወንዞች የተለቀቁት የትራውት ዓሣዎች የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ከተመላሾቹ መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ እጅግ ቀድመው ወንዝ ይገባሉ። ዕንቁላል የሚጣለው ከኦክቶበር ወዲህ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ዓሣዎች በፌብሩዋሪና በማርች ይደርሳሉ። ሳልሞን ወንዝ ከገባ በኋላ አይመገብም፤ ስለዚህ ከባሕር ይዞት የመጣው ስብ ለብዙ ወራት ስንቁ ነው። ከላባ፣ ከጸጉርና ከክር በመንጠቆ ላይ የታሰረውንና አስጋሪዎች «ዝንብ» የሚሉትን ማታለያ የሚነክሰውም ርቦት አይደለም። የወቅቱ መጀመሪያ ሳልሞን ባሕርይ የሚገለጸው እንግዲህ በዚህ የስንቅ ቁጠባ ነው።

ቅዝቃዜ የሚሰጠውና የሚነሣው

ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ያሟሟል። በአየር የጠገበ ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ10 ዲግሪ 11.3፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ 12.8 ሚሊግራም ይይዛል። ስለዚህ በጥር ወንዝ ውስጥ ያለ ሳልሞን የትንፋሽ ችግር የለበትም።

ሆኖም የዓሣው የሰውነት ሙቀት የሚወሰነው በአካባቢው ውሃ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ በሰውነቱ ውስጥ ያሉት ኬሚካዊ ሂደቶች ይዘገያሉ፤ በጥቅሉ ሲታይ በየ10 ዲግሪው ቅናሽ ፍጥነታቸው ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ጡንቻውም በፍጥነት መኮማተር ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት ውሃው ከ5 ወይም ከ6 ዲግሪ በታች በሆነ ጊዜ ሳልሞን ፏፏቴና ግድብ ለመውጣት ያመነታል። በባንኮሪ አጠገብ ከዲ ጋር የሚገናኘው የፊዩ ገባር ወንዝ ፏፏቴ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ዓሣዎቹ ሲዘሉ የሚታዩት ውሃው ሞቅ ሲል እንጂ በብርዱ ልብ ላይ አይደለም። ቅዝቃዜው ያለ ግንብ በር ይዘጋል ማለት ነው።

ዓሣው ለምን ከታች ይተኛል?

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ውሃ ከፍተኛ እፍጋት የሚኖረው በ4 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረናል። ከዚህ በመነሣት ሳልሞን ወደ ወንዙ ወለል የሚወርደው እዚያ ያለው ውሃ ስለሚሞቅ ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ በብርድ ወራት ለረጋ ሐይቅ ይሠራል፤ ለወንዝ ግን አይሠራም። የሚፈስ ውሃ ስለሚናወጥ ላዩና ታቹ ይደባለቃል፣ ሙቀቱም ተቀራራቢ ይሆናል።

እውነተኛው ምክንያት የፍሰት ፍጥነት ነው። ከወለሉ ጠጠርና ድንጋይ ጋር የሚፋተግ ውሃ ከላይኛው ይልቅ በዝግታ ይፈስሳል። ዓሣው ከድንጋይ ኋላ ወይም ውሃው በሚተኛበት ጥልቅ ስፍራ ሲቆም ጥቂት ጉልበት ብቻ ያወጣል። ከዚያ ተነሥቶ ማታለያን ለማሳደድ ግን ስንቁን መክፈል አለበት።

ስለዚህ ውሃው ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ልምድ ያለው አስጋሪ በወንዙ የታችኛው ክፍል፣ ከመሰናክሎች በታች ይቆማል። የሚሰምጥ ገመድና ከናስ ወይም ከተንግስተን የተሠራ ከባድ ዝንብ ይመርጣል፤ ዝንቡንም በዓሣው አፍንጫ አጠገብ በዝግታ ያሳልፋል። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ጊዜ ዓሣው ወደ ላይ መጓዝ ስለሚጀምር አስጋሪውም አብሮ ይወጣል፣ ዝንቡንም ያቀልላል። ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትንሽ ዝንብ በሚንሳፈፍ ገመድ ከውሃው ገጽ አጠገብ ቢቀርብም ዓሣው ሊነሣለት ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች የልምድ መመሪያ እንጂ የማይጣሱ ሕግጋት አይደሉም።

ፀሐይ ወንዝን ስታቀዘቅዝ

በወቅቱ መጀመሪያ ብሩህና ሞቃት ቀን ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ፀሐይ የተራራውን በረዶ ስታቀልጥ ወደ 0 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ወደ ወንዙ ይገባል። ቀላል ስሌት እንሥራ፦ 5 ዲግሪ የሆነ 4 እጅ የወንዝ ውሃ ከ0 ዲግሪ 1 እጅ የበረዶ ውሃ ጋር ቢቀላቀል ድብልቁ 4 ዲግሪ ይሆናል። አየሩ እየሞቀ ወንዙ ቀዘቀዘ፤ ከፍታውም ጨመረ። በአንጻሩ ደመናማና ለስላሳ ቀን በረዶው ካለቀ በኋላ ሲመጣ ወንዙን ቀስ በቀስ ሊያሞቀው ይችላል። ስለዚህ ከአየሩ ይልቅ ውሃውን፣ ከአንድ ቀን ንባብም ይልቅ የተከታታይ ቀናትን አካሄድ መለካት ይሻላል።

ከዘንጉ በላይ ያለው ጉዳይ

ቀድመው የሚገቡት ሳልሞኖች ቁጥር ባለፉት አሥርተ ዓመታት እጅግ ቀንሷል። ቀድሞ የመግባት ጠባይ በከፊል በዘር የሚወረስ በመሆኑ፣ እነርሱ ቢጠፉ ዘግይተው የሚገቡት በቀላሉ ሊተኳቸው አይችሉም። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስኮትላንድ ከኤፕሪል 1 በፊት የተያዘ ሳልሞን ሁሉ ተመልሶ እንዲለቀቅ በሕግ ታዟል። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የታላቋን ብሪታንያ የአትላንቲክ ሳልሞን ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ተርታ መድቦታል።

አስጋሪው ዓሣውን ከውሃ ሳያወጣ መንጠቆውን ነቅሎ ቢለቀው፣ ኦክስጅን የበዛበት ያ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲያገግም ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የገባ ዓሣ በጋውን ሙሉ በወንዝ ውስጥ መቆየት አለበት። የአየር ንብረት እየሞቀ ሲሄድ የሚያሰጋው የጥሩ ቅዝቃዜ ሳይሆን የጁላይና የኦገስት ሙቀት ነው፤ የሞቀ ውሃ የዓሣውን የኦክስጅን ፍላጎት ከፍ እያደረገ የሚሰጠውን ኦክስጅን ይቀንስበታልና። በዲ የላይኛው ገባሮች ዳር ጥላ የሚሰጡ ዛፎች የሚተከሉትም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ውሃ ውስጥ የሚነከር አንድ ቴርሞሜትር ዓሣው ዛሬ የት እንደቆመ ብቻ ሳይሆን፣ ነገም ይመለስ እንደሆነ ይጠቁመናል። አንባቢዎቻችንም በአቅራቢያችሁ ባለ ወንዝ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የውሃውን ሙቀት ለአንድ ወር መዝግቡ፤ ከአየሩ ሙቀት ጋርም አነጻጽሩት። ወንዝን ማንበብ የሚጀመረው ከዚህ ነው።