የሺያን ከተማ ቅጥርና ጎዳናዎች

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ የከተማዋን መልክ የለወጠው ነገር ምን እንደ ሆነ በየአንቀጹ እየለያችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

ሺያን ከባሕር እጅግ ርቃ በቻይና መሐል አገር የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ቀድሞ ቻንግአን እየተባለች የታንግ ነገሥታት (618-907) መናገሻ ነበረች። ዛሬ የሚታየው ቅጥሯ ግን የተሠራው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በሚንግ ነገሥታት ጊዜ፣ ከ1370 እስከ 1378 ነው። ቁመቱ 12 ሜትር፣ ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአራቱም አቅጣጫ አንዳንድ ታላቅ በር ነበረው።

በዚያ ዘመን የከተማዋ አቀማመጥ የአገዛዙን ሥርዓት ይከተል ነበር። ከአራቱ በሮች የሚነሡት ጎዳናዎች የሚገናኙት በደወል ግንብ ዘንድ ነው። ግንቡ በ1384 ሲሠራ ከአሁኑ ቦታው በስተምዕራብ ነበረ፤ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስለ ሰፋች መሐሏን እንዲይዝ በ1582 ተዛወረ። ሰሜን ምሥራቁ ሰፈር ደግሞ፣ ማንቹዎች ቻይናን ከያዙበት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ በራሱ ግንብ ተከልሎ የማንቹ ወታደሮችና የቤተሰቦቻቸው መኖሪያ ሆነ። በቅጥር ውስጥ ሌላ ቅጥር ነበረ ማለት ነው።

ይህን አሮጌ ሥርዓት ሁለት ነገሮች አናጉት። አንደኛው የ1911 አብዮት ነው። በዚያ ዓመት የማንቹዎች ሰፈር በውጊያ ተደመሰሰ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ተገደሉ። ሁለተኛው የባቡር ሐዲድ ነው። በ1934 መጨረሻ ሐዲዱ ከምሥራቅ መጥቶ ሺያን ሲደርስ፣ ጣቢያው ከሰሜኑ ቅጥር ውጭ ተሠራ። ባድማ ሆኖ የቆየው ሰፈርም ለጣቢያው ቅርብ ስለ ነበረ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተሸንሽኖ የንግድ ቦታ ሆነ። ለመተላለፊያም ቅጥሩ በየቦታው እየተበሳ አዳዲስ በሮች ወጡለት።

ከ1953 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ፕላን ከተማዋን ከቅጥሯ ውጭ አስፋፋት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በምሥራቅ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፋብሪካዎች በምዕራብ፣ ከፍተኛ የትምህርት ተቋሞች በደቡብ ተደለደሉ። ቀድሞ ሰፈርን ከሰፈር የሚለየው ዘርና ማዕረግ ነበር፤ አሁን ግን ሥራ ሆነ።

በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ጠላትን የማይመክት፣ መንገድንም የሚያጠብ ቅጥር ለምን ይቆማል? በቤጂንግ የተሰጠው መልስ ማፍረስ ነበር፤ ከጥቂት ቅሪት በቀር ቅጥሯ ጠፋ። በሺያንም በ1950ዎቹ መጨረሻ ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይሁን እንጂ ሊጠበቅ ይገባል የሚሉ ወገኖች ስለ ተከራከሩለት፣ ቅጥሩ በ1961 በመንግሥት ከሚጠበቁት የአገር ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። ከ1983 ጀምሮም ቅጥሩና በዙሪያው ያለው የውሃ ቦይ በሰፊው ታደሱ። በ2011 ሥራ የጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር እንኳ የደወሉን ግንብ መሠረት እንዳይነካ ዋሻው ተከፍሎ በግራና በቀኝ ያልፋል።

ቅጥሩ ያለ ዋጋ አልተረፈም፤ መኪኖች በበሮቹ ዘንድ ይጨናነቃሉ። ነገር ግን የሺያን ሰው የከተማውን የቀድሞ ወሰን በዓይኑ ያያል። በቤጂንግ ከብዙዎቹ በሮች የቀረው ስማቸው ብቻ ነው።

ለ. ማስታወሻ

የቦታን ለውጥ የሚገልጽ ድርሰት ሦስት ነገሮችን ሊያሟላ ይገባዋል፦ የቀድሞውን መልክ፣ የለውጡን ምክንያት፣ ለውጡ ያስከተለውን ጥቅምና ጉዳት። «ከተማዋ ተለወጠች» ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ምንም አያሳየውም። «ጣቢያው ከሰሜኑ ቅጥር ውጭ ተሠራ» ሲባል ግን አንባቢው ለውጡ የት እንደ ተጀመረ ይረዳል። «ቀድሞ»፣ «ከዚያ ጀምሮ»፣ «ይሁን እንጂ» የመሳሰሉት ቃላትም የሐሳቡን ቅደም ተከተል ያያይዛሉ።

ሐ. መልመጃ

1. የደወሉ ግንብ በ1582 ለምን ተዛወረ?
2. የባቡር ጣቢያው መሠራት ባድማውን ሰፈር እንዴት እንደ ለወጠው አስረዱ።
3. «ባድማ»፣ «ተሸነሸነ»፣ «መከተ» የሚሉትን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙባቸው።
4. «አሮጌ ቅጥር ለመንገድ ሲባል ሊፈርስ ይገባል» በሚለው ሐሳብ ላይ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ። ከዚያም የራሳችሁን አቋም ከነምክንያቱ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።