ቀለማቸው የሚመሳሰል የዶሮ ዘሮች በላባቸው ስለሚለዩበት

ዶሮ በትንሽ ወጪ ተራብታ ለገበሬው ቤት እንቍላልና ሥጋ የምትሰጥ፥ ለገበያም ወጥታ የጨውና የልብስ መግዣ የምታስገኝ የቤት እንስሳ ናት። ስለዚህ ዘሯ ይሻሻል ዘንድ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ዶሮ ለገበሬው ይከፋፈላል። ነገር ግን ተረክቦ የሚያድለው ሹም ዘሩን ለይቶ ካላወቀ፥ ቀይ የተባለውን ሁሉ እንደ አንድ ዘር፥ ገብስማ የተባለውንም ሁሉ እንደ አንድ ዘር ቈጥሮ ይቀበላል። ዘሩ ያልታወቀ አውራ አንድ ጊዜ ወደ መንደር ከገባ ጫጩቱ ስለሚበዛ ጕዳቱን ለማረም ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ ቀይና ገብስማ የቀለም ስም እንጂ የዘር ስም አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ስለ ቀዮቹ። ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው ዘር በአሜሪካ ተራብቶ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. በዚያ አገር የዶሮ ዘር መለኪያ መጽሐፍ ገባ። ኒው ሃምፕሻየር የሚባለው ከዚሁ ዘር ተመርጦ ወጥቶ በ1935 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተመዘገበ። ስለዚህ ሁለቱ እንደ ወላጅና ልጅ ይመሳሰላሉ። የሮድ አይላንድ ላባ ወደ ጥቍርነት ያደላ ጥልቅ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጅራቱ ጥቍር ሆኖ አረንጓዴ ነጸብራቅ አለው፤ ላባው ተገልጦ ሲታይ ሥሩም ቀይ ነው። የኒው ሃምፕሻየር ቀይነት ግን ፈካ ያለ ነው፤ የሴቲቱም የአንገት ላባ ከታች በኩል ጫፉ ጥቍር ነው።

ሦስተኛዋ አይዛ ብራውን ወይም ቦቫንስ ብራውን በሚባል ስም የምትሸጠው ቡናማ እንቍላል ጣይ ናት። ይህች ልዩ ልዩ ወገን በማዳቀል የምትገኝ ድቃላ እንጂ ራሷን የቻለች ዘር አይደለችም። ላባዋ ከላይ ቡናማ ሲሆን ቢገልጡት ሥሩ ነጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጅራቷም ነጭ ይታያል። የዚህ ድቃላ ወንዱ ነጭ ስለ ሆነ፥ ነጋዴ ቀይ አውራ ይዞ «የዚችው ወገን ነው» ቢል ነገሩ ሐሰት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ከድቃላይቱ የሚፈለፈል ጫጩት የእናቱን ያህል ይጥላል ብሎ ተስፋ ማድረግም አይገባም፤ ስለዚህ ለእንቍላል እንጂ ለዘር አትታደልም።

2ኛ፤ ስለ ገብስማዎቹ። ኮኮክ የሚባለው ዘር በደቡብ አፍሪካ በፖቸፍስትሩም ከተማ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በማዳቀል የወጣ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ተራብቷል። ከሩቅ ሲያዩት የአገሩን ገብስማ ይመስላል። የኮኮክ ላባ ግን ጥቍርና ነጭ መስመር በተራ የተሰመረበት ነው። አውራው ነጩ መስመር ስለሚሰፋበት ፈካ ይላል፤ ሴቲቱ ጥቍሩ ስለሚበዛባት ጠቈር ትላለች፤ ስለዚህ በጥቍረቷ ብቻ የሌላ ዘር ናት ማለት ስሕተት ነው። የአገሩ ገብስማ መስመሩ ብዙ ጊዜ የተዘበራረቀ ነው፤ ኩክኔውም ከዶሮ ዶሮ ይለያያል። የኮኮክ ግን ኩክኔው ነጠላ፥ እግሩም ብጫ ነው። ይህ ሲባል የአገሩ ገብስማ የተናቀ ነው ማለት አይደለም፤ ራሱ ጭሮ መብላትንና ጫጩት ታቅፎ ማሳደግን የሚያውቅ ስለ ሆነ፥ በስሙ ተጠርቶ በዋጋው ይሸጥ ማለት ነው።

3ኛ፤ ስለ ላባ ጥራት። ፀሐይና ዝናም ቀዩን ላባ ያደበዝዙታል፤ ስለዚህ ቀለሙ ከጀርባ ብቻ ሳይሆን ከክንፍ ሥርም ይመርመር። ላባዋን የምትለውጥ ዶሮ ለጊዜው ትጐሳቈላለች፤ ብዙ የጣለችም ዶሮ በመጣያዋ ወራት መጨረሻ ላባዋ ይሰባበራል። እንግዲህ የላባ መጐሳቈል ዘርን አያስነቅፍም። ነገር ግን ከላባው ሥር ቅማል የተገኘበት ዶሮ ተለይቶ ሳይታከም ለገበሬ ሊታደል አይገባም።

በርክክብ ቀን ከየሣጥኑ ጥቂት ጥቂቱን አውጥቶ፥ የጀርባውን፥ የክንፉንና የጅራቱን ላባ በቀን ብርሃን በጣት እየገለጡ ማየት ይገባል። ዘሩ፥ የተፈለፈለበት ቀንና የመጣበት ስፍራ በመዝገብ ይጻፍ፤ ሁለት ዓይነትም ቢገኝ ለየብቻ ይቈይ። ይህ የጥቂት ሰዓት ሥራ የገበሬውን የብዙ ዓመት ድካም ከከንቱነት ያድናል።