የፊደልን ቢቶች በእጅ ስለ መፍታት

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ስንጽፍ፣ የተዘጋጀ ፈንክሽን እያለ ቢቶችን ራሳችን ማሸጋሸግ እንወዳለን። የዕውቀት ምልክት ይመስለናል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል። ነገሩን በገዛ ፊደላችን እንመርምረው።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር ተሰጠው። የ«ኮ» ቁጥር 4782 ነው። ዩ-ቲ-ኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ይህ ቁጥር በ3 ባይት ይቀመጣል፤ እነርሱም 225፣ 138 እና 174 ናቸው። በእጁ የሚፈታ ሰው ከመጀመሪያው ባይት የታችኞቹን 4 ቢቶች፣ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው የታችኞቹን 6 ቢቶች ወስዶ 1፣ 10 እና 46 ያገኛል። 1ን በ12 ቢት፣ 10ን በ6 ቢት ወደ ግራ አሸጋሽጎ ሲደምር 4096 + 640 + 46 = 4782 ይሆናል። እስከዚህ ትክክል ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? የአንድ ተማሪ የትውልድ ቦታ «ቆላ ድባ» ነው እንበል። ሆሄያቱ 4 ቢሆኑም ከባዶ ቦታው ጋር 13 ባይት ይፈጃሉ። ለጽሑፉ የተፈቀደው 12 ባይት ብቻ ከሆነ የ«ባ» የመጨረሻ ባይት ይቆረጥና በስፍራው መዝጊያው ዜሮ ይገባል። 225፣ 137፣ 163 የነበረው 225፣ 137፣ 0 ይሆናል። የእጅ ሥራችን ምንም ሳይጠራጠር 4096 + 576 + 0 = 4672 ብሎ ይደምራል። 4672 ደግሞ «ቀ» ነው! ቆላ ድባ «ቆላ ድቀ» ተብላ ትመዘገባለች፤ ስሕተት አለ የሚልም የለም። ይባስ ብሎ፣ መዝጊያውን ስለ ዘለለው ከጽሑፉ አልፎ ማንበቡን ይቀጥላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲ ደረጃ «ኤም-ቢ-አር-ቶ-ሲ-32» የሚባል ፈንክሽን አለው። አስቀድመን በ«ሴትሎኬል» ዩ-ቲ-ኤፍ-8ን መምረጥ አለብን። የቀረው 2 ባይት ብቻ መሆኑን ከነገርነው፣ ሆሄው አለመሟላቱን በ−2 ያስታውቃል፤ ዜሮውን ጨምረን ከሰጠነው ደግሞ መበላሸቱን በ−1 ይገልጻል። የመልሱ ዓይነት ከዜሮ በታች ስለማይወርድ «ከዜሮ ያንሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሁለቱን መልሶች ወደዚያው ዓይነት ለውጦ በቀጥታ ማስተያየት ይገባል።

የተዘጋጀ ፈንክሽን የሌለበትም ቦታ አለ። 4782ን ለ8 ስናካፍል የሚተርፈው 6 «ኮ» ሳብዕ መሆኑን ያሳያል፤ ሲ ግን ስለ ግዕዝና ሳብዕ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ራሳችን እንጻፍ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ስፍራ፣ ስም ሰጥተን ይሁን።

ለመልመጃ ያህል፣ እያንዳንዳችን የትውልድ ቦታችንን ስም በአንድ ባይት ቆርጠን በሁለቱም መንገድ እንፍታው።