«ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም



አጋሮ ለኢንተርንሽፕ በወጣን ጊዜ የቡድናችንን ሪፖርት በኢሜይል የላክነው ቀኑ ሊያበቃ አንድ ምሽት ሲቀረው ነበር። ፎቶና ንድፍ የበዛበት 22 ሜጋባይት ፋይል ነው። ስልኩ «ተልኳል» ሲለን አልሐምዱሊላህ ብለን ተኛን። «ፋይሉ ከመጠን በላይ ስለሆነ አልደረሰም» የሚለውን ምላሽ ያየነው በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ሰዓቱ አልፏል፤ አምስታችንም ነጥብ ተቀነሰብን።

ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ይፈቅድ የለ? ይፈቅዳል። ግን ኢሜይል መጀመሪያ የተሠራው ለጽሑፍ ነው። አታች የምናደርገው ፋይል ቤዝ 64 በሚባል ዘዴ ወደ ፊደላት ይቀየራል፤ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ፊደል ይሆናል። ስለዚህ 22 ሜጋባይቱ በመንገድ ላይ ወደ 29 ያድጋል። የተቀባዩ ሰርቨር የራሱ ገደብ ስላለው ይመልሰዋል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን፦

1. እናሳንሳለን። ወርድ ላይ ፎቶውን መርጠን «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» እንላለን። ዚፕ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የጄፔግ ፎቶ ቀድሞውንም የታመቀ ስለሆነ ብዙም አይቀንስም።

2. ከ15 ሜጋባይት በታች ከሆነ አታች እናደርጋለን።

3. ከበለጠ ጉግል ድራይቭ ላይ ጭነን ሊንኩን እንልካለን። ፈቃዱን ለመምህሩ ኢሜይል መስጠት እንዳይረሳ! ካልሰጠነው ሊንኩ የተቆለፈ በር ነው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው ይቀላል፤ ግን የሰዎች መረጃ ያለበት ወረቀት አማና ነውና ለሁሉም አይከፈትም።

4. ኔትወርክ የሚቆራረጥ ከሆነ በሰቨን-ዚፕ ፋይሉን 10፣ 10 ሜጋባይት አድርገን እንከፍላለን። አንዱ ቢቋረጥ እሱን ብቻ እንደግማለን። ተቀባዩ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አስቀምጦ የመጀመሪያውን ይከፍታል።

5. ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለን ልከን «ደርሶ ተከፍቷል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ኢንቦክሳችንንም መልሰን እናያለን።

ከአጋሮ ጅማ በሚኒባስ ቡና ስንልክ መኪናው ስለተነሳ ብቻ አናርፍም፤ ተቀባዩ ደውሎ «ደርሶኛል» እስኪል እንጠብቃለን። የአምስት ሰው ልፋት የያዘ ፋይልም ከዚያ አያንስም።